ትርፌና ተራ ቁጥር አሥራ አራት

ጋራዡ ውስጥ፣ ከባትሪ መሙያው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ አናቱ የተቆረጠ ነጭ ጀሪካን ተቀምጧል። በውስጡ ብሎን፣ ዳዶ፣ ላስቲክ፣ የሽቦ ቁርጥራጭ፣ ሁለት የበር እጀታና ማንም ስሙን የማያውቀው አንድ ጥርስ ያለው ብረት ይገኛል። ሁሉም ከመኪና ወጥተው ወደ መኪና ያልተመለሱ ናቸው። የጀሪካኑ ባለቤት መካኒኩ ነው። ሰላሳ አራት ዓመት መኪና ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል፤ ገጥሞ በጨረሰ ቁጥር እጁ ላይ አንድ ነገር ይቀራል። ሌላ መካኒክ ቢሆን ይደነግጣል። እሱ ግን የቀረውን ብሎን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃን ያነሳውና «ትርፍ ነው» ብሎ ወደ ጀሪካኑ ይወረውረዋል። የፋብሪካ ሰዎች ፈሪዎች ናቸው ባይ ነው። አንድ ብሎን በሚበቃበት ሦስት የሚያስሩት የሠሩትን ስለማያምኑት ነው ይላል።

ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። በመጀመሪያ ትርፌ አሉት፤ ጸጉሩ ሲሸብት ጋሽ ትርፌ ሆነ።

ለእውነቱ ከሆነ ከእጁ የወጡ መኪኖች ይሄዳሉ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ትርፌ ዘንድ ሦስት ጊዜ ካሠራ በኋላ መኪናው እየቀለለው እንደሄደ በሰው ፊት መስክሯል።

ቤቱም ያው ነው። ሳሎኑንና ማድቤቱን የሚለየውን በር፣ ሁለቱም ክፍል የአንድ ሰው ነው ብሎ ነቅሎታል። የቁም ሳጥኑ አንድ እጀታ ብቻ ነው ያለው፤ ሰው ልብሱን የሚያወጣው በአንድ እጁ ነውና። ሚስቱ ለምዳዋለች። «እኔን እስካሁን ያልፈታኝ» ትላለች ለጎረቤት፣ «ከምን ጋር እንደተያያዝኩ ስላላወቀ ነው።»

ሦስቱ ሴት ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል። ቤቱ ውስጥ የቀሩት ባልና ሚስቱ፣ እንዲሁም የሚስቱ እናት፣ እማማ ናቸው። እማማ ጠዋት ፀሐይ ግድግዳውን ስትነካ ወጥተው ግቢው ውስጥ ትራስ የተደረበበት መቀመጫቸው ላይ ይሰየማሉ፤ ጥላው እግራቸው ጋ ሲደርስ ይገባሉ። ከዚህ በቀር ከማንም ጋር ጉዳይ የላቸውም።

የትርፌን እምነት የፈተነችው የአዋላጇ መኪና ናት።

አዋላጇ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። መኪናቸው ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የድሮ የውድድር መኪና ስትሆን፣ ቀይ የነበረው ቀለሟ አሁን የጡብ መልክ ይዟል። ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት ነው። ከመሬት ስለማትርቅ ከውስጧ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ እጁን አስፋልቱ ላይ ማኖር አለበት። እንዲህ ያለች መኪና ለአዋላጅ ምን ትሠራለች ብሎ ለጠየቀ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር። ወጣት ሳሉ አውቶቡስ ሲጠብቁ አንድ ሕፃን ቀድሟቸው ተወለደ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ እንዳልቀደም ብለው በከተማው ካሉት መኪኖች ፈጣኗን ገዙ።

እሳቸው ሰውን የሚያስታውሱት በስሙ ሳይሆን በአወላለዱ ነው። ባንክ ቤት መስኮቱ ላይ ያለውን ጎልማሳ፣ «አንተ በእግርህ ነበር የመጣኸው፤ ዛሬም ነገርህ ሁሉ ግልባጭ ነው» ይሉታል፣ ሰልፈኛው እየሰማ። የትርፌን ሦስት ልጆችም ያዋለዱት እሳቸው ናቸው። የመጨረሻዋ የተወለደችው ከባድ ዝናብ በሚጥልበት ቀን ነበር፤ መኪናቸውን አጥር ጋ አስጠግተው ምጡን ቀደሙት። ይህቺው ልጅ አሁን ራሷ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ቤቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ከድንጋይ ካባው አጠገብ ነው፤ አውቶቡስ እዚያ አይደርስም፤ እሷም ከአዋላጇ በቀር የማንንም እጅ አልፈልግም ብላለች።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ መኪናዋ የፊት መስታወቷን ውሃ መርጨት ካቆመች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። አዋላጇ መላ ነበራቸው። ክዳኑ የተበሳ ጠርሙስ ጭናቸው ላይ ያስቀምጣሉ፤ አቧራ ሲያስቸግራቸው መሪውን በቀኝ እጃቸው ይዘው ግራቸውን በመስኮት ያወጡና መስታወቱ ላይ ይጨምቁታል። ግማሹ ውሃ ተመልሶ እጅጌያቸው ውስጥ ይገባል። የከተማው ሰው የግራ እጅጌያቸው ርሶ ሲያያቸው አንድ ቤት ልጅ ሊወለድ መሆኑን ያውቃል።

የድሮው የመኪና መርማሪ የተወለደው በእሳቸው እጅ ስለነበር ጠርሙሱን አይቶ እንዳላየ ያልፍ ነበር። እሱ ጡረታ ወጣ። በቦታው የመጣው ወጣት ሰላሳ ተራ ቁጥር ያለው ቅጽ ይዞ ነው የመጣው። ቅጹን ከላይ ወደ ታች ይሄድበታል፤ ወደ ላይ አይመለስም፤ መሐል ላይም አይዘልም። ተራ ቁጥር አሥራ አራት ላይ ሲደርስ የመስታወቱን ውሃ እንዲያሳዩት ጠየቃቸው። አዋላጇ እጃቸውን አውጥተው ጠርሙሱን ጨመቁ።

ጠርሙሱ የመኪናዋ አካል አይደለም አላቸው።

«እጄስ?»

«እጅዎም አይደለም፣ እናቴ።»

አዋላጇ ትኩር ብለው አዩትና በእግሩ ነው ወይስ በራሱ የመጣው ብለው ጠየቁት። ሌላ ከተማ እንደተወለደ ነገራቸው። ጉዳዩ መክበዱን የተረዱት ይህን ጊዜ ነው። የሚይዙበት እጀታ አልነበረውም።

ደንቡ አጭር ነው። ሦስት ጊዜ የወደቀ መኪና ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ታርጋውም ይፈታል። አዋላጇ አንዱን ወድቀው በቀጥታ ወደ ጋራዡ መጡ። ትርፌ ከአንድ መኪና ሥር ተኝቶ ነበር። ከጫማው አጠገብ ቆመው ለጫማው ነገሩት።

«ሦስት ልጅ አውጥቼልሃለሁ። አንተ አንድ ውሃ አውጣልኝ።»

ትርፌ ከመኪናው ሥር ሆኖ ቃሉን ሰጠ። ሥራው የግማሽ ቀን ነው አለ።

የፊቱን ኮፈን ከፍቶ ያገኘው ይህ ነበር። ውሃ የሞላ የፕላስቲክ መያዣ አለ። ከመያዣው ሁለት ቱቦ ይወጣል። ቀጭኑ ወደ መስታወቱ ሥር ሄዶ ሁለት ውሃ መርጫ ቀዳዳዎች ላይ ያበቃል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ወፍራሙ ግን የአዋላጇ የሥራ ሳጥን የተቀመጠበትን ክብ ጉድጓድ ይዞርና፣ ጫፉ ላይ የናስ ዳዶ አንጠልጥሎ፣ ከምንም ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። ፓምፕ የለም። ለፓምፕ የሚሄድ ሽቦም፣ የሽቦው ፊውዝም የለም።

ትርፌ ፓምፑን ሁለት ቀን ፈለገው። ወንበሮቹ ሥር፣ ምንጣፉ ሥር፣ መብራቶቹ ኋላ፣ በመጨረሻም እንደ ዕድል ብሎ ሞተሩ አጠገብ ፈለገው። ሰው ሲጠፋ የሚደረገውን ሁሉ አደረገ፤ መጨረሻ ላይ መቼና ማን ጋ እንደታየ መጠያየቅ ብቻ ነበር የቀረው፣ እሱንም አላስቀረውም። አዋላጇ ፓምፕ የሚባል አይተው እንደማያውቁ ሲነግሩት ተሰርቋል ወደሚለው አዘነበለ። ከመንገዱ ማዶ ያለውን ጋራዥ አንድ ሳምንት ያህል በዝምታ ጠረጠረው፤ ሰላምታም ቀነሰበት።

በመጨረሻ ከወደቀ የጭነት መኪና ላይ ፓምፕ ፈትቶ ገጠመ። ወፍራሙን ቱቦ ከነዳዶው ነቅሎ «ትርፍ ነው» አለ። ወደ ጀሪካኑ ሊወረውረው ሲል ናሱ ሳበውና ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ለሁለተኛው ምርመራ አብሯቸው ሄደ። የጭነት መኪና ፓምፕ የተሠራው ሰው ቁመት ለሚያህል መስታወት ነው። የአዋላጇ መኪና መስታወት ከክንድ ብዙም አይበልጥም። መርማሪው ከመኪናዋ ጎን ቆሞ ተራ ቁጥር አሥራ አራት ላይ ብዕሩን አሳርፎ እንዲረጩ ምልክት ሰጣቸው። አዋላጇ ማንሻውን ሳቡ። ውሃው መስታወቱን ሳይነካ ተነሳ፣ ጣሪያውን ዘለለ፣ ንፋስ ትንሽ ወደ ጎን ወሰደውና መርማሪው ላይ ከነቅጹ ወረደ።

መርማሪው አልተቆጣም። ብዕሩን አራግፎ ሥራውን ቀጠለ። «ይረጫል» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ከሥሩ «መስታወቱ ላይ ነው ወይ?» የሚል ነበር፤ አይደለም አለ። ከእሱ ሥር «ካልሆነ ምን ላይ እንደሆነ ይገለጽ» የሚል ባዶ መስመር ነበር። ትክክለኛ ሰው ስለነበር በረጠበው ወረቀት ላይ «መርማሪው ላይ» ብሎ ጻፈ።

ሲመለሱ፣ ሁለተኛውን መስቀለኛ መንገድ እንዳለፉ አዋላጇ ተናገሩ።

«ውሃ አውጣልኝ አልኩህ እንጂ ሰው እጠብልኝ አልኩህ?»

ሦስተኛው ቀጠሮ ከአሥር ቀን በኋላ ነበር፤ የልጁም ቀን ከዚያ ብዙ አይርቅም። ትርፌ የጭነት መኪናውን ፓምፕ አወጣው፤ ሌላ ትንሽ ፓምፕ ሞከረ፤ ያኛው ጭራሽ ከቀዳዳዎቹ ላይ ዕንባ እንኳ አላወጣም። ሚስቱ ራት እያቀረበች ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው አለችው። ልጃቸው በስልክ እናቷን የእትዬ መኪና አለፈችላቸው ወይ ብላ ስትጠይቅ ትርፌ ሰምቷል። ሚስቱ አባትሽ ይዞታል ብላ መለሰች።

ለቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል እማማ ጠሩት። መቀመጫቸው ዝቅ ብሎባቸዋል። ጉልበታቸው ከአገጫቸው ጋር ሊገናኝ ነው። በየስድስት ወሩ እንደሚያደርገው ንፋልኝ አሉት።

የእማማ መቀመጫ የመኪና ጎማ ነው። መሬት ላይ ተጋድሞ፣ ጣውላ ተደርጎበት፣ ትራስ ለብሷል። ትርፌ ከብዙ ዓመት በፊት ከሆነ ቦታ አምጥቶላቸዋል፤ ከየት እንደሆነ ጠይቀውት አያውቁም፣ እሱም አስታውሶ አያውቅም። የጎማ መንፊያውን አምጥቶ ተንበረከከ። እማማ መነሳት አይወዱምና እንደተቀመጡ ነበር። የቫልቩን ክዳን ፈትቶ እንዳይጠፋበት ኪሱ ሊከተው ሲል ጣቱ የናሱን ዳዶ ነካ።

ዳዶውን ከነቱቦው አወጣው። ቫልቩን አየው። ዳዶውን እንደገና አየው። ከዚያ ምንም ሳያስብ፣ እጁ ሰላሳ አራት ዓመት የለመደውን ሲያደርግ፣ ዳዶውን ቫልቩ ላይ አዞረው። ሦስት ዙር ሄዶ ቆመ፤ እዚያ እንደተወለደ ሁሉ። ከቱቦው ሌላኛው ጫፍ የወጣው አየር ግንባሩ ላይ ያለውን ጸጉር አስነሳው።

«ምን አገኘህ?» አሉት እማማ ከላይ።

ትርፌ ቂጡ ላይ ተቀመጠ። ፓምፕ የለም። ኖሮም አያውቅም። መኪናዋን የሠሯት ሰዎች ውሃውን የሚገፋ ሞተር ከማስቀመጥ ይልቅ ከፊት የተቀመጠውን ጎማ አየር ተጠቅመውበታል። ጎማው በቱቦ ወደ ውሃው ይተነፍሳል፤ ውሃው ወደ መስታወቱ ይሄዳል። አንዲት ትርፍ ብሎን የሌላት መኪና ነበረች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ደግሞ አዋላጇ ለሥራ ሳጥናቸው ቦታ አመቻችልኝ ብለውት ነበር። ክቡ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ጎማ አገኘ፤ አራት ጎማ ላላት መኪና አምስተኛ። ቫልቩ ላይ ቱቦ ተቋጥሮበት ነበር። አንድ ሰነፍ ሰው ረስቶት የሄደ መሰለው። ቱቦውን ፈታ፣ ጎማውን ትርፍ ነው ብሎ ወደ ቤቱ ወሰደ። የመስታወቱ ውሃ በዚያው ሳምንት ቆመ። ሁለቱን ነገሮች ያገናኘ ሰው አልነበረም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንን ጎማ በየስድስት ወሩ፣ በገዛ እጁ፣ ሲነፋው ኖሯል።

ጎማው መገኘቱ አንድ ነገር ነው፤ ከእማማ ሥር ማውጣት ግን ሌላ። ትርፌ በአክብሮት ጠየቃቸው። እማማ ፀሐይዋን እያዩ እኔም እኮ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጬበታለሁ አሉ፤ ወገቤ ከእሱ ጋር ተስማምቷል፤ ሌላ ነገር ላይ ብቀመጥ እንደ አዲስ ምራት መላመድ ሊኖርብኝ ነው። ትርፌ ሌላ ጎማ ከጋራዥ አመጣላቸው። ሞከሩትና ይህ ሰው አያውቅም ብለው መለሱት። ሚስቱ ገብታ የልጅ ልጅሽ ጉዳይ ነው ብትላቸው፣ ልጄን ስወልድ የተቀመጥኩበትን ማንም አልጠየቀኝም አሉ።

አዋላጇ ተጠሩ። ሁለቱ አሮጊቶች እኩያሞች ናቸው። ትርፌ ለአዋላጇ በስልክ የነገራቸው ጎማው «ተገኘ» ብሎ ብቻ ነው፤ ማን እንዳጠፋው አልነገራቸውም፤ እሳቸውም ለጊዜው አልጠየቁም። ግቢው ገብተው ከእማማ ፊት ለፊት ቆሙ።

«ስጪኝ።»

«ቆሜ ልቅር?»

አዋላጇ ዘወር ብለው ከአጥሩ ውጭ የቆመችውን መኪናቸውን አዩ። ከጎናቸው ያለው ወንበር ላይ በአርባ ዓመት ውስጥ ከቦርሳቸውና ሰሞኑን ከትርፌ በቀር የተቀመጠ የለም አሉ። ቆዳ ነው፤ መደገፊያውም ወደ ኋላ ይጋደማል።

«መኪናዋ ካለፈች ወንበሩን ውሰጂ።»

«ካላለፈችስ?»

«ካላለፈች መኪናዋን ከነወንበሯ ውሰጂያት። እኔ ምን ላደርጋት?»

እማማ እጃቸውን ለልጃቸው ዘረጉ፤ ተነሡ። ጣውላው ላይ የእሳቸው ቅርጽ ቀርቷል።

በቀጠሮው ቀን ጎማው ክቡ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ቱቦው ከቫልቩ ጋር ታስሯል፤ ሳጥኑ ቦታ ስላጣ ትርፌ ጭኑ ላይ አቅፎት ሄደ። መርማሪው ከተራ ቁጥር አንድ ጀመረ። አሥራ ሦስት ላይ ሲደርስ ቅጹን ከጀርባው ደብቆ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። አዋላጇ ማንሻውን ሳቡ። ሁለት ቀጫጭን ውሃ ከሁለቱ ቀዳዳዎች ተነሥተው መስታወቱ መሐል ላይ ተገናኙ፤ መጥረጊያው ወሰዳቸው። አቧራው በግማሽ ክብ ተገለጠ። አዋላጇ ከውስጥ ሆነው፣ እጅጌያቸው ደረቅ፣ መርማሪውን በንጹሕ መስታወት ለመጀመሪያ ጊዜ አዩት። መርማሪው አሥራ አራት ላይ ምልክት አደረገ።

ትርፌ ትንፋሹን የለቀቀው ይህን ጊዜ ነበር። ግን ቸኮለ።

ተራ ቁጥር ሃያ ሁለት እንዲህ ይላል፦ «ትርፍ ጎማ (ካለ)፤ የአየር መጠኑ ይለካ።» ጋራዥ ውስጥ ስኮርታ ይሉታል፤ ቅጹ ግን ትርፍ ጎማ ነው የሚለው። በሁለቱ ምርመራዎች መርማሪው እዚህ ላይ «የለም» ብሎ አልፎ ነበር፤ የሌለ ጎማ አይወድቅምና። አሁን ግን ኮፈኑን ከፍቶ አንዱን አየ። መለኪያውን አገናኘ። ተራ ቁጥር አሥራ አራት አየሩን ጠጥቶታል። መርፌው ከሚፈቀደው በታች ቆመ።

ትርፌ አሁኑኑ ልንፋው አለ። ምርመራ ከተጀመረ በኋላ በመኪናዋ ላይ ምንም እንደማይጨመር መርማሪው ነገረው። እንግዲያው ሃያ ሁለትን ከአሥራ አራት በፊት ለካው አለ ትርፌ። ቅጹ ወደ ላይ እንደማይመለስ መርማሪው ነገረው። ይህን ሲል ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም። ራሱም እያሰበበት ነበር። ጎማው ሙሉ ከሆነ ውሃው አልተረጨም፤ ውሃው ከተረጨ ጎማው ሙሉ አይደለም፤ በዚህ ቅጽ ይህቺ መኪና ልታልፍ የምትችልበት ቀን የለም። ብዕሩን ሃያ ሁለት ላይ አደረገና ለመዝገቡ ሲል እንደ ደንቡ ጠየቀ።

«ትርፍ ጎማ አለ?»

አዋላጇ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። ትርፌ ጎማውን አየው። ከዚህ በፊት በሕይወቱ አንድን ነገር ትርፍ ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ የተቸገረበት ጊዜ አልነበረም።

«የለም» አለ።

«ይሄስ?»

«ይሄ ትርፍ አይደለም፣ ወንድሜ። ፓምፕ ነው። ካወጣኸው ውሃው ይቆማል። የሚተርፍ ነገር ቢወጣ ምንም አይቆምም።»

መርማሪው ብዕሩን አላነሳም። የመኪናዋን ፋይል ወደ ኋላ ገለጠ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ባለው ገጽ ላይ ጎማው አለ፤ ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ ባሉት ላይ የለም።

«ፓምፕ ከሆነ፣ ጋሼ፣ ለምን ወጣ?»

ከኋላ የቆሙ ሁለት ሾፌሮች ነበሩ፤ ሁለቱም የትርፌ ደንበኞች። አንደኛው ያ መኪናው የቀለለለት ነው። አዋላጇ ከመስኮቱ አልተመለሱም። ውሃ የሚያነሳ መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም የሚያውቀው ትርፌ ብቻ ነው። እጁን ኪሱ ከተተ፤ ኪሱ ውስጥ ምንም አልነበረም።

«ትርፍ መስሎኝ» አለ።

መርማሪው በአንድ እጁ ፋይሉን ዘጋ። ከዚያ ወደ ተራ ቁጥር አሥራ አራት ተመለሰ ለማለት አይቻልም፤ ብዕሩን ሳያነሳ ከጎኑ ባለው ኅዳግ ላይ «የፓምፑ ዓይነት፦ ክብ፣ ጎማ» ብሎ ጻፈ። ሃያ ሁለት ላይ «የለም» አለ። ከሃያ ሦስት እስከ ሰላሳ ያለውን ጨርሶ ማኅተሙን መታ። መኪናው የቀለለለት ሾፌር ግን ሄዶ የራሱን ኮፈን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ቁልቁል ተመለከተ።

በመንገድ ላይ አዋላጇ የግራ እጅጌያቸውን በቀኝ ጣታቸው ይዘው ዳሰሱት።

«አሥራ አንድ ዓመት» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ።»

«የመጨረሻዋ ልጅህ ስትወለድ ጠብቂ፣ ጠብቂ አልኳት፤ አልሰማችኝም። መቸኮል ዘራችሁ ነው።»

ጋራዡ እንደደረሱ ወንበሩን እንዲፈታ አዘዙት። ትርፌ አመነታ። የሚመጣው ዓመት ምርመራ አለ አለ። አዋላጇ ግን ቅጹን ከላይ እስከ ታች አንብበውታል፤ ስለ ወንበር የሚናገረው የሾፌሩን ብቻ ነው። ሳጥናቸውም ቦታ ያገኛል። ትርፌ ቁልፉን ይዞ በሩ ሥር ተጋደመና የእጅ ባትሪ አበራ። ሃያ ደቂቃ ያህል አልወጣም። አዋላጇ ምን እንደሚሠራ ጎንበስ ብለው ጠየቁት።

«ከምን ጋር እንደተያያዘ እያየሁ ነው።»

ከምንም ጋር አልተያያዘም። ቱቦ የለውም፣ ሽቦ የለውም። ቢሆንም ሁለተኛ ጊዜ በጣቱ ዳሰሰው፤ ከዚያ ፈታው። አመሻሹ ላይ እማማ ግቢው ውስጥ ተጋድመው የመደገፊያውን እጀታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየሞከሩ ነበር፤ ፀሐይዋ ሄዳ ሳለ አልገቡም።

ከዚያ በፊት ግን፣ ወንበሩ እንደወጣ፣ ትርፌ እጅ ላይ አራት ብሎኖች ቀርተው ነበር። ጀሪካኑ ከመደርደሪያው ላይ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። አንዱን ብሎን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃን አነሳው። አዋላጇ ምን እንደሚል ቆመው ጠበቁ። ተንበረከከ፤ አራቱንም ወለሉ ላይ ወዳሉት ቀዳዳዎቻቸው መለሳቸውና፣ ብሎኖቹ ምንም የሚያስሩት ነገር ሳይኖር፣ በቁልፍ እስከ መጨረሻው አጠበቃቸው።